የመቆም ዋጋ

በጀርመን ሀገር የአንድ አረጋዊ ድካም በነጥብ ይለካል። የእንክብካቤ መድን ማመልከቻ ሲቀርብ ገምጋሚ ባለሙያ ወደ ቤት ይመጣል፤ የአመልካቹን ኑሮ በስድስት ዘርፎች ከፋፍሎ ይመረምራል፤ ነጥቡ ተደምሮም ሰውየውን ከ1 እስከ 5 ከተዘረጉት እርከኖች በአንዱ ላይ ያኖረዋል። 12.5 ነጥብ የመጀመሪያውን እርከን ያስገኛል፤ 27 ነጥብ ሁለተኛውን፤ 90 ነጥብ አምስተኛውንና የመጨረሻውን። ከድምሩ 40 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው መታጠብን፣ መልበስንና መመገብን ከመሳሰሉት የራስ አጠባበቅ ተግባራት ነው። በአልጋ ላይ መገላበጥ፣ ተረጋግቶ መቀመጥ፣ ከመቀመጫ መነሣት፣ በቤት ውስጥ መራመድና ደረጃ መውጣት የሚመዘኑበት ዘርፍ ድርሻው 10 በመቶ ብቻ ነው።

ቀመር ማንበብ የዕለት ሥራዬ ቢሆንም ይህንን ያወቅሁት በእትዬ ምክንያት ነው። እትዬ የእናቴ ታላቅ እኅት ናቸው። በ1980ዎቹ በስደት ወደ ፍራንክፈርት መጡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ከሃያ ዓመት በላይ ማታ ማታ የቢሮ ሕንጻዎችን ሲያጸዱ ኖሩ፤ የእንክብካቤ መድኑ ከተጀመረበት ወር አንሥቶም ከደመወዛቸው መዋጮ ሲቆረጥ ቆየ። ዛሬ 76 ዓመታቸው ነው፤ በጋሉስ ሰፈር፣ ሊፍት በሌለው ሕንጻ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። የመርሳት ሕመም እንዳለባቸው በሐኪም ከታወቀ አራት ዓመት ሆነ። በመጀመሪያ የሄደው የትናንቱ ነገር ነበር፤ ቀጥሎ ጀርመንኛቸው ሄደ፤ ከዚያም መውደቅ ጀመሩ። በአንድ የብርድ ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደቁ። አንደኛው ጊዜ ምድጃው አጠገብ ቆመው ሳለ ስልክ ሲጠራ፣ ወደ ድምፁ ዞር ሲሉ ነበር።

ከሦስተኛው ውድቀት በኋላ በቤተ ዘመዱ መካከል የተነሣው ጥያቄ «ምን ያህል ያስታውሳሉ?» የሚል አልነበረም። ከቤታቸው እስከ ጎዳናው 54 ደረጃ አለ። እነዚህን ደረጃዎች መውረድና መውጣት ከቻሉ በቤታቸው ይቆያሉ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ገበያ ይሄዳሉ። ካልቻሉ ወይ በሦስተኛ ፎቅ ተዘግተው ይቀራሉ፣ ወይ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው ወደሌለበት መጦሪያ ቤት ይገባሉ። የአንዲት ሴት ነጻነት በእግሮቿ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ለእግሮቿ የተሰጠው ክብደት ከመቶ አሥር ነው። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፤ የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ቆሞ እንዲኖር የሚደክመው፣ የሚከፍለውም ማን ነው?

የአውጉስተ ማኅደር

የምኖርባት ከተማ ይህ ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ በጥንቃቄ የተጻፈባት ከተማ ናት። ኅዳር 25 ቀን 1901 አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት በፍራንክፈርት ወደነበረው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። አሎይስ አልዛይመር የሚባለው ሐኪም ጠየቃት፤ ስሟን፣ የባሏን ስም፣ የበላችውን ምግብ፤ መልሶቿንም አንድ በአንድ መዘገበ። ሚያዝያ 8 ቀን 1906 ስትሞት ሐኪሙ ወደ ሙኒክ ተዛውሮ ነበርና አንጎሏ ወደዚያ ተላከለት። በዚያው ዓመት ኅዳር 3 ቀን በቱቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ያየውን አስረዳ። ሆስፒታሉ የነበረበት ሥፍራ ዛሬ የጎተ ዩኒቨርሲቲ ዌስትኤንድ ካምፓስ ነው። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች በየዕለቱ ያቋርጡታል፤ እኔም ለዓመታት አቋርጬዋለሁ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እምብዛም የማይወሳ አንድ ነገር አለ። አውጉስተ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከአልጋ አልተነሣችም፤ ተኮራምታ ተኝታ ኖረች። የሞቷ ምክንያት ተብሎ የተመዘገበውም በመተኛት ብዛት ከተፈጠረ ቁስል የመጣ የደም መመረዝ ነው። ስለዚህ በመርሳት ሕመም ታሪክ የመጀመሪያዋ ታማሚ ለሞት ያበቃት በቀጥታ መርሳቷ አልነበረም፤ አለመነሣቷ ነበር።

የጠፋው የአውጉስተ ማኅደር በፍራንክፈርት የዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ የተገኘው በ1995 ነው። በአጋጣሚ የጀርመን የእንክብካቤ መድን የተጀመረውም በዚያው ዓመት በጥር ወር ነው። አዲሱ ሕግ ግን የማኅደሯን ባለቤት የሚመስሉ ሰዎችን በቅጡ አላያቸውም። የዚያን ጊዜው መለኪያ ደቂቃ ነበር። ለመታጠብ፣ ለመመገብና ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልገው የዕለት እርዳታ በደቂቃ ይቆጠራል፤ ለመጀመሪያው እርከን በጠቅላላው ቢያንስ 90 ደቂቃ ይጠየቃል። እጁም እግሩም ጤነኛ የሆነ፣ ነገር ግን ምድጃ ለኩሶ የሚረሳ፣ ሌሊት በሩን ከፍቶ የሚወጣ ሰው በዚህ ሰዓት ቆጠራ ከመስፈርቱ በታች ይቀር ነበር። ይህ የተለወጠው በ2017 ነው፤ ከላይ የጠቀስኩት የነጥብ ቀመርም የዚያ ማሻሻያ ውጤት ነው።

ማሻሻያው ትክክል ነበር። ሆኖም በአንድ በኩል ሕጉ አካልን ብቻ ሲያይ፣ በሌላ በኩል ሕክምናው ስለ ትዝታ ብቻ ሲጨነቅ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ነገር ከሁለቱም ዓይን ወደቀ። ይህም ነገር ሚዛን ጠብቆ መቆም ነው።

ሚዛን የአእምሮም ሥራ ነው

ቆሞ መሄድ ቀላል መስሎ የሚታየው ሥራው ስለማይታወቀን ነው። ዓይን አድማሱን ይነግረናል፤ በውስጠኛው ጆሮ ያለው አካል የራስን ዘንበል ማለት ይለካል፤ የእግር ጫማና የመገጣጠሚያ ነርቮች መሬቱን ያስታውቁናል። አንጎል እነዚህን ሦስት ወሬዎች አስታርቆ በቅጽበት ለጡንቻ ትእዛዝ ይሰጣል። ጤነኛ ሰው ይህን ሲያደርግ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። አንጎል ሲደክም ግን መራመድ ራሱ ትኩረት የሚጠይቅ ሥራ ይሆናል፤ ትኩረት ደግሞ ልክ እንደ ገንዘብ አንድ ቦታ ሲውል ከሌላው ይጎድላል።

በስዊድን የኡሜዮ ከተማ ተመራማሪዎች በ1997 ይህን በጣም ቀላል በሆነ መንገድ አሳዩ። ከ58 አረጋውያን ጋር እየተራመዱ ወሬ ጀመሩላቸው። 12ቱ ለመመለስ ሲሉ ቆም አሉ፤ በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ከ12ቱ 10 ወደቁ። እነዚያ ሰዎች እየሄዱ ማውራት ያቆሙት ጨዋታ ስለጠሉ ሳይሆን ለሁለቱም የሚበቃ ትኩረት ስላልነበራቸው ነው። እትዬ ስልክ ሲጠራ የወደቁበት ምክንያትም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ከእኩዮቻቸው ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ የሚወድቁት የእግር ጡንቻቸው ስለሰነፈ ብቻ አይደለም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ጡንቻን ብቻ የሚያጠነክር ስፖርት በቂ አይደለም። ሚዛን የሚሠለጥነው ሚዛን በሚፈተንበት እንቅስቃሴ ነው፤ እጅ ሳይደግፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ እግርን ገጥሞ መቆም፣ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አሰልፎ መቆም፣ ክብደትን ከግራ ወደ ቀኝ ማዛወር፣ ወደ ጎን መራመድ፣ መዞር፣ ዕቃ ይዞ መሄድ። ሁለተኛ፣ ለትዝታ ሕመምተኛ ገለጻ አይረዳውም። ረጅም መመሪያ ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ መጀመሪያው ይጠፋል። የሚረዳው ማሳየት፣ መደጋገም፣ ሰዓትና ቦታ አለመለወጥ ነው። ስሞችና ቀኖች ሲጠፉ፣ አካል በልምድ የተማረው ነገር ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

ስፖርቱ የሚሰጠውና የማይሰጠው

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ተስፋ ይሸጣል፤ ስለዚህ ማስረጃውን ከነጉድለቱ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ከፍራንክፈርት በባቡር አንድ ሰዓት ያህል በምትርቀው በሃይደልበርግ፣ ቀላልና መካከለኛ የመርሳት ሕመም ያለባቸው 122 አረጋውያን የተሳተፉበት ጥናት በ2012 ታተመ። ለ3 ወራት በክብደትና በመነሣት በመራመድ ጠንከር ያለ ሥልጠና የወሰዱት ሰዎች ጉልበታቸውም እንቅስቃሴያቸውም በግልጽ ተሻሻለ። «እነዚህ ሰዎች አይማሩም» የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ በኋላ የሚቆምበት መሠረት የለውም።

በ2018 በእንግሊዝ የታተመው 494 ሰዎችን የያዘ ጥናት ደግሞ ሌላውን ገጽ አሳየ። ለ4 ወራት ከበድ ያለ ስፖርት የሠሩት ታማሚዎች የአካል ብቃታቸው ለጊዜው ተሻሻለ፤ የማስታወስና የማሰብ ችሎታቸው ግን ማሽቆልቆሉን አላቆመም፤ እንዲያውም ከዓመት በኋላ በጥቂቱ የባሰ ሆኖ ተገኘ። በ2023 የታተመ ሌላ የእንግሊዝ ጥናትም 365 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ በዕለት ተዕለት ተግባራቸው ላይ የሚታይ ለውጥ አላገኘም። በኡሜዮ በመጦሪያ ቤት በሚኖሩ 186 ታማሚዎች ላይ የተደረገው ጥናት በመካከል ይቆማል። ከ4 ወር ሥልጠና በኋላ ሚዛናቸው ተሻሻለ፤ የወደቁበት ብዛት ግን አልቀነሰም፤ የቀነሰው በመውደቅ የሚደርሰው ከበድ ያለ ጉዳት ነው። ለዚህ የኢኮኖሚስት ግምት ልስጥ፤ የበረታ ሰው የበለጠ ይንቀሳቀሳል፣ የበለጠ የሚንቀሳቀስም ለመውደቅ የበለጠ ዕድል ያገኛል። ይህን እንደ ውድቀት ልንቆጥረው አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ በ2013 የታተመው የፊንላንድ ጥናት ነው። የአልዛይመር ሕመም ያለባቸውና ከትዳር ጓደኞቻቸው ጋር በቤታቸው የሚኖሩ 210 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቤቱ ድረስ እየመጣ ለአንድ ዓመት አሠለጠነው፤ ሁለተኛው በቡድን ሠራ፤ ሦስተኛው የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ አገኘ። በዓመቱ ውስጥ ሥልጠና ያላገኙት በነፍስ ወከፍ 3.07 ጊዜ ሲወድቁ፣ በቤት የሠሩት 1.35 ጊዜ፣ በቡድን የሠሩት 1.86 ጊዜ ወደቁ። የሦስቱም ወገኖች አቅም ቀንሷል፤ በቤት የሠሩት ግን በዝግታ ነው የቀነሱት። የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ወጪያቸው ሲደመር ሥልጠና ያላገኙት ባልና ሚስት በዓመት 34,121 ዶላር፣ በቡድን የሠሩት 22,066 ዶላር፣ በቤት የሠሩት 25,112 ዶላር አስወጥተዋል። የቤቱ ሥልጠና ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው በእርግጠኝነት አይለይም፤ የቡድኑ ግን ይለያል። ቢያንስ ቢያንስ፣ ሰውን ቆሞ እንዲሄድ ማሠልጠን ወጪ አልጨመረም።

ስለዚህ የሚሸጠውን ተስፋ ልከኛ ማድረግ ግድ ነው። ስፖርት ትዝታን አይመልስም። የሚያደርገው ትዝታ እየሄደ ሳለ እግር አብሮ እንዳይሄድ ማዘግየት ነው። ለሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ትርፉ የማን ነው?

ወጪ የማይጨምር፣ ሕመምተኛውንም የሚጠቅም ነገር ለምን በሰፊው አይሠራም? ለእትዬ የታዘዘላቸው በአንድ ማዘዣ 6 ጊዜ የፊዚዮቴራፒ ጉብኝት ነበር። ይህን ጥያቄ ለሐኪሙ ስንፍና ወይም ለመድን ድርጅቱ ንፍገት ብንሰጠው ቀላል መልስ እናገኝ ነበር። እውነተኛው ምክንያት ግን በሒሳብ አያያዙ ውስጥ ነው።

በጀርመን የፊዚዮቴራፒና የተሐድሶ ሕክምና ወጪ የሚሸፈነው ከጤና መድን ነው፤ ሰውየው አቅም ሲያጣ የሚከፈለው ደግሞ ከእንክብካቤ መድን። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ቢሆኑም ኪሳቸው የተለያየ ነው። የጤና መድን ድርጅቶች በመዋጮ ተመን ይወዳደራሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዩሮ ይታሰብበታል። የእንክብካቤ መድን ወጪ ግን በመላ ሀገሪቱ በአንድ ቋት ይጋራል። አንድ ድርጅት ለአባሉ የሚዛን ሥልጠና ቢከፍልና ያ አባል ለሁለት ዓመት ተጨማሪ እንክብካቤ ሳያስፈልገው ቢቆይ፣ ወጪው የድርጅቱ፣ ቁጠባው የሁሉም ይሆናል። ዘሪው ሌላ፣ አጫጁ ሌላ ነው። «ከእንክብካቤ በፊት ተሐድሶ» የሚል መርሕ በሕጉ ተጽፏል፤ መርሑን ግን የሚሸከመው የሒሳብ መዝገብ የለም።

በመጦሪያ ቤቶችም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ነዋሪው ወደ ከፍተኛ እርከን ሲወጣ ለቤቱ የሚከፈለው ይጨምራል። ይህን ለማረም በ2008 ሕግ አውጪው ሽልማት አስገባ፤ በእንክብካቤው ምክንያት ነዋሪው ወደ ዝቅተኛ እርከን ቢወርድ ቤቱ 1,536 ዩሮ ያገኛል፤ በ2017 ይህ ወደ 2,952 ዩሮ ከፍ አለ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ለመርሳት ሕመም ግን አይሠራም። ይህ ሕመም ወደ ኋላ አይመለስም። በዚህ ሕመም ዘንድ ትልቁ ድል ባሉበት መቆየት ነው፤ ሽልማቱ ግን የሚከፈለው ለመሻሻል ብቻ ነው። አንድን ሰው ለአሥራ ስምንት ወራት በአንድ እርከን ያቆየ ሠራተኛ በመዝገቡ ላይ ምንም ያላደረገ ይመስላል።

ወደ መጀመሪያው ቀመር ልመለስ። መንቀሳቀስ 10 በመቶ ብቻ መመዘኑ ሞኝነት አይደለም፤ ቀመሩ የሚለካው የእርዳታ ፍላጎትን ነውና ብዙ እርዳታ የሚያስፈልገው በመታጠብና በመልበስ ነው። ችግሩ እግር እንደ አንድ ውጤት መቆጠሩ ነው። በእኛ ሙያ ቋንቋ እግር ግብአት ነው። ሰው ካልቆመ ራሱን አይታጠብም፣ ሱሪውን አይስብም፣ መጸዳጃ ቤት በሰዓቱ አይደርስም። የዳሌ አጥንት የሰበረ ሰው ከ10 በመቶው ብቻ ሳይሆን ከ40 በመቶውም ነጥብ ይሰበስባል። ቤተሰብ ለሚያስታምመው ሰው ከጥር 2025 ጀምሮ በሁለተኛው እርከን በወር 347 ዩሮ፣ በሦስተኛው 599 ዩሮ ይከፈላል። ልዩነቱ በዓመት 3,024 ዩሮ ነው። ሥርዓቱ ይህን ገንዘብ ከውድቀት በኋላ ያለ ክርክር ይሰጣል፤ ከውድቀት በፊት ግን ከዚህ ጥቂቱን ለሥልጠና የሚያውልበት መስመር የለውም። በ1995 ከደመወዝ 1 በመቶ የነበረው መዋጮ በ2025 3.6 በመቶ ደርሷል። ሁሉም «ገንዘቡ አልበቃም» ይላል፤ ገንዘቡ መቼ እንደሚከፈል የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አክብሮት ሲያስቀምጥ

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ጀርመን ነው። እንዲህ ብዬ ብቻ ብተው ግን ጉዳዩን ከግማሹ እቆርጠዋለሁ፤ የእኛም ቤት የራሱ ቀመር አለውና።

ሐበሻ ቤት ውስጥ አዛውንት መከበራቸው የሚታወቀው በመቀመጣቸው ነው። «ኧረ አይነሡ!» እንላለን። ውኃ ይቀርብላቸዋል፤ እጃቸውን ያሉበት ያስታጥቧቸዋል፤ ከእጃቸው ሲኒ እንኳ እንነጥቃለን። በፍራንክፈርት ይህ ደንብ ይብሳል እንጂ አይላላም፤ ልጆች ቀኑን ሙሉ በሥራ ስለሚውሉ ማታ ሲገቡ ናፍቆታቸውን በማገልገል ይወጡታል። ሰውየው አንዴ ከወደቀ ደግሞ ነገሩ ይጠናል። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ አንድ ውድቀት ብዙ ክልከላ ያመጣል፤ ብቻዎን ወጥ ቤት አይግቡ፣ ደረጃ አይውረዱ፣ ሌሊት አይነሡ። እያንዳንዱ ክልከላ ከፍቅር የመጣ ነው። የሁሉም ድምር ግን ወንበር ነው። ወንበር ላይ የከረመ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ የተሟሸሸ እግር ሲነሣ ይወድቃል፤ ውድቀቱም ክልከላውን ትክክል ያስመስለዋል።

በጀርመን መጦሪያ ቤቶች እንዳይወድቁ ተብሎ ሰዎችን በቀበቶ ከወንበር ወይም ከአልጋ ጋር ማሰር የተለመደ ዘመን ነበር። ዛሬ ይህ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል፤ በ2007 በደቡብ ባቫሪያ ከጋርሚሽ ፓርተንኪርሸን የተነሣው አሠራርም ዳኞችና ነርሶች አንድ ላይ ሆነው ሌላ አማራጭ እንዲፈልጉ በማድረግ ልማዱን በብዙ ቦታ ቀንሶታል። የእኛ ቀበቶ ግን ከክብር የተፈተለ ስለሆነ ዳኛ አያየውም።

ደግነቱ፣ መድኃኒቱም ከዚያው ባህል ውስጥ አለ። ወደ እትዬ ይመጣ የነበረው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ትጉህ ወጣት ነበር፤ ክብደታቸውን ወደ ግራ እግራቸው እንዲያዛውሩ በጀርመንኛ በትሕትና ይለምናቸዋል፤ እትዬ አፉን አፉን ያዩታል። አንድ እሑድ ከስልክ ቅዳሴ ሲሰማ ግን ማንም ሳያዝዛቸው ተነሡ፤ ነጠላቸውን አጣፉ፤ ጠረጴዛውን በአንድ እጅ ይዘው ክብደታቸውን ከእግር ወደ እግር እያዛወሩ ሃያ ደቂቃ ቆሙ። ለስልሳ ዓመታት ሲያስቀድሱ የኖሩ ሴት ናቸው። ለሰዓታት መቆም፣ ጎንበስ ቀና ማለት፣ መስገድ፣ በመቋሚያ መደገፍ በአካላቸው ተጽፏል። በመቋሚያ የሚደገፍ ሰው ከሁለት እግሩ ላይ ሦስተኛ ነጥብ ይጨምራል፤ ሐኪም ያዘዘለት ምርኩዝ የሚያፍር አዛውንት መቋሚያውን በኩራት ይይዛል።

ከዚያ በኋላ ባለሙያው አምስት የአማርኛ ቃላት ተማረ፤ ይቁሙ፣ ይቀመጡ፣ ቀስ፣ ግራ፣ ቀኝ። ከእሱ ጋር ተመካክረን ሥልጠናውን ከእትዬ ኑሮ ውስጥ አወጣነው። ጠዋት ጸሎት በሚያደርሱበት ሰዓት የወጥ ቤቱን ጠርዝ በሁለት እጅ ይዘው፣ ከኋላቸው ወንበር፣ ከጎናቸው ሰው ኖሮ፣ እግራቸውን ገጥመው ይቆማሉ፤ ቀጥሎ አንዱን እግር ከሌላው ፊት ያደርጋሉ። ወለል የሚነካ ስግደት ለእሳቸው ስለሚያሰጋ እጅ እንደሚነሣ ሰው ከወገብ ጎንበስ ብለው ቀና ይላሉ። ከወንበር አሥር ጊዜ ይነሣሉ፤ በመጀመሪያ ከረጅም ወንበር፣ ሲበረቱ ዝቅ ካለው። ቡና ሲፈላ ባዶ ሲኒዎቹን ከመደርደሪያ ወደ ረከቦት አንድ በአንድ የሚያመላልሱት እሳቸው ናቸው፤ ዕቃ ይዞ መራመድ ማለት ይህ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ አንድ ሰው ከፊታቸው እየቀደመ፣ እሳቸው የደረጃውን መደገፊያ ይዘው፣ 54ቱን ደረጃ ይወርዳሉ፤ ይወጣሉ።

እንዲህ ከጀመርን አሥራ አራት ወራት ሆኑ። በዚህ ጊዜ አንዴ ወድቀዋል፤ አልተሰበሩም። በመጨረሻው ግምገማ እርከናቸው አልተለወጠም። ትዝታቸው ግን ቀንሷል፤ አንዳንድ ቀን እኔን በእናቴ ስም ይጠሩኛል። የአንድ ሰው ታሪክ ናሙና አይሆንም፤ ማስረጃውን ከላይ ያስቀመጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከእትዬ ታሪክ የምወስደው ማስረጃ ሳይሆን ዘዴ ነው። ሥልጠናው ሊሠራ የቻለው ቋንቋውን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን ከሰውየዋ ሕይወት ስለወሰደ ነው። በባዕድ ቋንቋ የታዘዘ ሥልጠና ለስደተኛ አረጋዊ የታዘዘ እንጂ የተሰጠ አይባልም።

ምን ቢደረግ?

ለጀርመን የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የእንክብካቤ መድኑ ራሱ የሚዛን ሥልጠናን በቀጥታ ይክፈል፤ ትርፉን የሚያገኘው እሱ ስለሆነ። ሁለተኛ፣ ሽልማቱ ለመሻሻል ብቻ ሳይሆን ባለበት ለቆየ አቅምም ይሰጥ። ሕመሙ በተለምዶ ከሚያወርደው ፍጥነት ጋር አነጻጽሮ መለካት አስቸጋሪ ቢሆንም የሚቻል ነው። ሦስተኛ፣ ሥልጠናው ሰዎች ቀድሞውኑ በሚሰበሰቡበት ቦታ ይሁን። የፊንላንዱ ጥናት በገንዘብ ረገድ ይበልጥ ያዋጣው የቡድን ሥልጠና ነው፤ በፍራንክፈርት ደግሞ በየሳምንቱ ብዙ አረጋውያን ሐበሾች ከቅዳሴ በኋላ በአንድ አዳራሽ ይቀመጣሉ። እዚያ የሚጎድለው አንድ የሠለጠነ ሰውና ሁለት ሰዓት ነው።

በሀገር ቤት የእንክብካቤ መድን የለም፤ መድኑ ልጅ ነው። በ2011 በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሕክምናን እንጂ ማስታመምን አይሸፍንም፤ እንደ መቄዶንያ ያሉ የበጎ አድራጎት ማእከላት የሚደርሱትም ቤተሰብ ለሌላቸው ነው። ይህ ማለት ግን ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት አይደለም። ወንበር፣ ግድግዳና የሚደግፍ ሰው በየቤቱ አለ። የሚያስፈልገው በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ለቤተሰብ «ጠብቋቸው» ከሚለው ምክር ጎን «አስነሧቸው» የሚለውንም እንዲጨምሩ ነው፤ ከዚያም እንዴት እንደሚነሡ በተግባር እንዲያሳዩ።

አደጋው እንደሚቀር አላስመስልም። የሚቆም ሰው ሊወድቅ ይችላል። ነገር ግን በሚዛኑ ማዶ ያለው ደኅንነት አይደለም፤ ሌላ ዓይነት፣ ቀስ ብሎ የሚመጣና ማንም ቀኑን የማይመዘግበው ውድቀት ነው። የአውጉስተ ማኅደር የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ሕመሙ ከእትዬና ከመሰሎቻቸው የሚወስደው ብዙ ነው፤ ገና ያልወሰደውን እኛ ቀድመን አንውሰድባቸው።